መርፌው ከወጣ በኋላ

በሰው ሥጋ ውስጥ ካሉት የደም መንገዶች መካከል ያለ ቢላዋና ያለ መሣሪያ በዐይን የሚታዩት በአብዛኛው ከቆዳ ሥር የሚሄዱት ደም መልስ ሥሮች ናቸው፤ ከእነርሱም ውስጥ ለዐይን ይልቁን የቀረቡት በክንድ ላይ ያሉት ናቸው። ልብና ሳንባ፣ ጉበትና ኩላሊት ሥራቸውን በስውር ሲሠሩ፣ የክንድ ደም ሥር ግን ገበሬው ዶማውን ሲያነሣ፣ እናት ውኃ የሞላውን ጀሪካን ስትሸከም፣ የወላይታ ሶዶ ገበያ ወዛደር ኩንታሉን ወደ ትከሻው ሲያወጣ በግልጥ ይገተራል። ሐኪምም መድኃኒቱን በቀጥታ ወደ ደም ለማድረስ በወደደ ጊዜ የሚሻው ይህንኑ የተገለጠ ሥር ስለ ሆነ፣ ሰው በሰው እጅ ከሚጎዳቸው የሥጋ ክፍሎች አንዱ እርሱ ሆኗል። ይህ ምዕራፍ የሚናገረው በዚህ ሥር ውስጥ ደም ረግቶ፣ ሥሩም ተቆጥቶ፣ ክንድን ስለሚያሳምምበት ደዌ ነው። ደዌው አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከሕክምናው ከራሱ የሚወለድ ስለ ሆነ፣ በሐኪም ቤትም በታማሚ ቤትም ቸል የሚባል ስለ ሆነ፣ ጥቂት ጥንቃቄ ቢደረግ ግን በብዙ ሰው ላይ ባልደረሰም ነበርና፣ በሰፊው ልጽፍለት ወድጃለሁ።

አስቀድመን የሥሮቹን መንገድ እንወቅ። በክንድ ውስጥ ያሉት ደም መልስ ሥሮች በሁለት ወገን የተከፈሉ ናቸው፤ አንደኛው ወገን በጡንቻ ተሸፍኖ፣ ከደም ቅዳው ጎን ለጎን የሚሄድ ጥልቅ ወገን ሲሆን፣ ሁለተኛው በቆዳና በጡንቻ መካከል ባለው ስብ ውስጥ የሚሄደው የላይኛው ወገን ነው። ከላይኛው ወገን ሁለቱ ዋነኞች፣ በአውራ ጣት በኩል የሚወጣው ሴፋሊክ፣ በትንሿ ጣት በኩል የሚወጣው ባሲሊክ ይባላሉ፤ በክርን መታጠፊያም ላይ ሁለቱን የሚያገናኝ፣ ደም ለምርመራ በሚቀዳበት ጊዜ መርፌ የሚገባበት ሦስተኛ ሥር አለ። ባሲሊኩ ከክርን በላይ ጥቂት ከሄደ በኋላ በላይኛው ክንድ መካከል ወደ ጥልቁ ወገን ይገባል፤ ይህንን አንባቢ በልቡናው ይያዘው፣ ኋላ ስለ አደጋው በምንናገርበት ጊዜ ያስፈልገናልና።

በእነዚህ ሥሮች ውስጥ ደም ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች እንዳይሄድ የሚከለክሉ ጥቃቅን መዝጊያዎች አሉ። የፓዱዋው መምህር ፋብሪሲዩስ እ.ኤ.አ. በ1603 ስለ እነርሱ ጽፎ ነበር፤ የመዝጊያዎቹን ምሥጢር ግን ፈትቶ ያስረዳው የእርሱ ደቀ መዝሙር የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ ነው። ሃርቪ ደም በሥጋ ውስጥ እንደሚዞር የገለጠበትን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመ ጊዜ በውስጡ ያኖረው ሥዕል የታሰረ የሰው ክንድ ነበረ፤ ያንንም ፈተና ማንኛውም ሰው በቤቱ ሊደግመው ይችላል። ከክርን በላይ ጨርቅ ለአፍታ በልኩ አስሮ የክንዱ ሥሮች በተገተሩ ጊዜ፣ በአንድ ጣት ሥሩን ከታች ጫን አድርጎ ይዞ፣ በሌላው ጣት ደሙን ወደ ላይ ቢገፋው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ሥር ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ የላይኛውን ጣት ቢያነሣ ደሙ ወደ ታች አይመለስም፣ የታችኛውን ጣት በለቀቀ ጊዜ ግን ወዲያው ከታች ይሞላል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር የብዙ ዘመን ትምህርት ሽሮ አዲስ ትምህርት አቆመ፤ እኔም የክንድን ደም ሥር በዐይኔ ባየሁ ቁጥር የጥበብ መጽሐፍ በገዛ ሥጋችን ላይ ተገልጦ እንደ ተተወልን አስባለሁ።

ደም መርጋቱ ደዌ አይደለም። ደም ባይረጋ ኖሮ ሰው ከአንዲት የምላጭ ቁስል ደሙ ፈስሶ ባለቀ ነበር፤ ስለዚህ ፈጣሪ በደም ውስጥ የሚያረጉና ርጋታውን የሚያቀልጡ ኃይላትን ጎን ለጎን አኖረ። ደዌ የሚሆነው መርጋት የማይገባው በማይገባው ስፍራ ሲረጋ ነው። ይህ የሚሆንበትን ምክንያት በ19ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ የመረመረው ጀርመናዊው ሊቅ ሩዶልፍ ፊርኾ ሲሆን፣ ዛሬም የሕክምና ተማሪ ሁሉ በእርሱ ስም የሚጠራውን የሦስት ምክንያት ትምህርት ይማራል፤ የደም አካሄድ መዘግየት፣ የሥሩ ግድግዳ መቁሰል፣ የደሙ የራሱ ባሕርይ ወደ መርጋት ማዘንበል። ከሦስቱ አንዱ ብቻውን ብዙ ጊዜ ጉዳት አያደርስም፤ ሦስቱ በአንድነት በተገናኙ ጊዜ ግን ደም ሳይረጋ መቅረቱ ይከብዳል። ሦስቱም በአንድነት የሚገናኙበት ስፍራ ደግሞ አልጋ ላይ የተኛ፣ ውኃ የጠማው፣ ትኩሳት ያለበት፣ በክንዱም ላይ መርፌ የተሰካበት ሕሙም ነው።

ይህን ሕሙም ለማየት ወላይታ ሶዶ የተመቸች ከተማ ናት። በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠችው ይህች ከተማ ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕና፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከዳውሮና ከጎፋ የሚመጡት መንገዶች የሚገናኙባት ስለ ሆነች፣ ከወላይታ ብቻ ሳይሆን ከአጎራባቾቹ ሁሉ ሕሙማን ወደ እርስዋ ይወጣሉ። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የተባለው የሚስዮናውያን ማኅበር ሰዎች በ1920 ዓ.ም. ወደ ወላይታ በመጡ ጊዜ ከሶዶ አጠገብ ኦቶና በተባለው ስፍራ ሰፈሩ፤ ሕክምናም በዚያ ጀመሩ፤ ዛሬ በዚያ ስም የሚታወቀው ሆስፒታል በ1999 ዓ.ም. በተከፈተው በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ያክማል፣ ያስተምራልም። በከተማዪቱ የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል፣ ከከተማዪቱም ውጭ የዱቦ ቅድስት ማርያም ሆስፒታል አለ። በጥንት ዘመን ሕሙሙ በቃሬዛ፣ በሰው ትከሻ ተጭኖ የሚመጣበት መንገድ ዛሬ በባጃጅና በአምቡላንስ ይታለፋል፤ ነገር ግን ከብላቴ ቆላና ከአባያ ሐይቅ ዳር በወባ ተይዞ የሚመጣው ሰው፣ ወይም ከምጥ በኋላ ደም ፈስሷት የምትመጣዋ እናት፣ ሲደርሱ የሚገጥማቸው የመጀመሪያው ሥራ አንድ ነው፤ ነርሷ ክንዳቸውን ታስርና ሥር ትፈልጋለች፣ ካኑላም ታስገባለች።

ካኑላ ማለት መርፌው ከወጣ በኋላ በሥሩ ውስጥ የሚቀር ቀጭን የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። የኋለኛው ጫፉ ቀለም ውፍረቱን ይናገራል፤ ቢጫው ለሕፃናት የሚሆን ቀጭኑ፣ ሰማያዊው ከእርሱ ጥቂት የሚወፍር፣ ሮዙ መካከለኛው፣ አረንጓዴው ደም ለመስጠትና ለቀዶ ሕክምና የሚመረጠው ወፍራሙ ነው። ሰው ወደ ደም ሥር ውስጥ ነገር ማስገባትን ከጀመረ ቆይቷል፤ በስኮትላንድ የነበረው ሐኪም ቶማስ ላታ እ.ኤ.አ. በ1832 ኮሌራ ያደረቃቸውን ሰዎች ጨው ያለበት ውኃ በሥራቸው ውስጥ በመስጠት ከሞት አፋፍ እንዲመለሱ አድርጎ ነበር። የፕላስቲኩ ካኑላ ግን በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ዴቪድ ማሳ በተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1950 የተገለጠ አዲስ ነገር ነው። ከዚያ በፊት የብረት መርፌ በክንድ ላይ ታስሮ ይቀመጥ ስለ ነበር ሕሙሙ እጁን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ሥሩ ይወጋ ነበር። ፕላስቲኩ ይህንን ሥቃይ አስቀረ፤ ነገር ግን በሥሩ ውስጥ ለቀናት የመቆየትን ነገር አመጣ፤ የምንናገርለት ደዌም የሚመጣው ከዚህ መቆየት ነው።

ቧንቧው በሥሩ ውስጥ ሲተኛ የደሙን መንገድ ያጠብባል፣ ጫፉም የሥሩን ውስጠኛ ግድግዳ ይፍቃል፤ ወፍራም ካኑላ በቀጭን ሥር ውስጥ ሲገባ፣ ወይም እጅ በሚታጠፍበት በአንጓና በክርን ላይ ሲሰካ፣ ፍቂያው ይበዛል። በላዩ ላይ የሚፈሰው መድኃኒት ሥርን የሚያቃጥል ዐይነት ሊሆን ይችላል፤ ፖታሲየም፣ ክሎክሳሲሊን፣ ቫንኮማይሲን፣ ከ10 በመቶ በላይ የሆነ ግሉኮስ ሁሉ በዚህ ነገር የታወቁ ናቸው። በወባ አገር ደግሞ ኩዊኒን አለ። ለጽኑ ወባ ኩዊኒን ብቸኛ ተስፋ በነበረበት ዘመን መድኃኒቱ በግሉኮስ ተበጥብጦ በየ8 ሰዓቱ፣ በያንዳንዱም ጊዜ አራት ሰዓት ያህል እየተንጠባጠበ ይሰጥ ስለ ነበር፣ የሕሙሙ ክንድ ከቀኑ እኩሌታውን ከቧንቧው ጋር ታስሮ ይውል ነበር፤ መድኃኒቱም ሥርን ያቃጥላል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ለአዋቂዎች፣ በ2011 ደግሞ ለሕፃናት አርቴሱኔት እንዲቀድም ያዘዘው ሞትን ከኩዊኒን ይልቅ ስለሚቀንስ ነው፤ በመርፌ በደቂቃዎች ውስጥ ተሰጥቶ የሚያበቃ፣ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ፣ ከዚያም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስፈልግ መሆኑ ግን ለብላቴ ቆላ የወባ ሕሙማን ክንድ የተጨመረ በረከት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የማዝንበት ነገር ግን ያላስፈለገ ካኑላ ነው። በወላይታ ብቻ ሳይሆን በመላው ኢትዮጵያ፣ በደጋም በቆላም፣ ግሉኮስ ብርታት ይሰጣል የሚል እምነት በሰው ልብ ሥር ሰድዷል፤ ሰው ደከመኝ ብሎ ወደ ክሊኒክ ሲሄድ «ግሉኮስ ይሰካልኝ» ይላል፣ ሳይሰካለት ቢመለስም እንዳልታከመ ይቆጥረዋል። ይህን እምነት በቁጥር እንመዝነው። የ5 በመቶ ግሉኮስ አንድ ሊትር በውስጡ ያለው 50 ግራም ስኳር ነው፤ በሻይ ማንኪያ ብንሰፍረው 12 ማንኪያ ያህል ይሆናል፣ ኃይሉም 200 ኪሎ ካሎሪ ያህል ብቻ ነው። የጨው ውኃ የሚባለውም በአንድ ሊትር ውስጥ 9 ግራም ጨው ያለበት ውኃ ነው። እንግዲህ አፉ የሚቀበል፣ ሆዱ የማይመልስ ሰው ይህንን ሁሉ ከጣፋጭ ሻይ፣ ከገንፎ፣ ከስኳር ድንች፣ የወላይታ ቤት ሁሉ ጨውና ቅመም ጨምሮ ከሚያፈላው የቡና ቅጠል ያገኘዋል፤ ተቅማጥ ያደከመውም ለምለም በሚል ስም የታወቀውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውኃ በጥብጦ ቢጠጣ ይድናል። ይህን ስል ግሉኮስን ማንኳሰሴ አይደለም፤ ራሱን ለሳተ፣ ለሚያስመልሰው፣ ደሙ ለፈሰሰበት፣ የደሙ ስኳር ለወረደበት ሰው በሥሩ የሚገባው ፈሳሽ ሕይወቱ ነው። ለሌላው ሁሉ ግን ጥቅሙ እጅግ ትንሽ፣ ገንዘቡ ብዙ፣ ሥሩም የሚጎዳበት ነው። በተለይም ኩላሊቱ የታመመ ሰው የክንዱን ሥሮች ሊሰስትላቸው ይገባል፤ አንድ ቀን ደሙን በመሣሪያ ማጠብ ቢያስፈልገው መሣሪያው የሚገናኘው በዚያው የክንድ ሥር በኩል ነውና።

ደዌው ሲጀምር ሕሙሙ በካኑላው ዙሪያ ይቆጠቁጠዋል። ከዚያም ቆዳው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፤ ቅላቱ ሥሩን ተከትሎ እንደ መሥመር ወደ ክርን ይወጣል፤ በጣት ሲዳሰስም ሥሩ እንደ ተገመደ ሲባጎ ደርቆ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚታወቀው ሰውየው ከሐኪም ቤት ወጥቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው፤ ካኑላው ከወጣ ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ ሥሩ ደርቆ ሲያገኘው፣ መርፌው ተሰብሮ በውስጤ ቀርቷል ብሎ የሚደነግጥ አለ። የደረቀው ነገር ግን የረጋ ደምና የተቆጣ የሥር ግድግዳ ነው። ሕመሙና ቅላቱ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃሉ፤ ድርቀቱ ግን ለሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ለወራት ይቆያል፣ ቆዳውም ጥቂት ይጠቁራል። ሥጋ የገዛ ራሱን ርጋታ በዝግታ ያቀልጠዋል፤ ደሙም እስከዚያው በሌሎቹ ሥሮች በኩል መንገድ ያገኛል።

የመጀመሪያው ሕክምና ካኑላውን ማውጣት ነው፤ ሌላ ቢያስፈልግ በሌላው ክንድ ይተካል። ከዚያ በኋላ ክንድን በትራስ ላይ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በሞቀ ውኃ የተነከረና የተጨመቀ ጨርቅ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ማኖር፣ እጅንም ሳያስሩ በልክ ማንቀሳቀስ ይበቃል። የጨጓራ ቁስል ወይም የኩላሊት ሕመም የሌለበት፣ ነፍሰ ጡርም ያልሆነ ሰው ሐኪምን ጠይቆ አይቡፕሮፌን ቢወስድ ወይም የዳይክሎፌናክ ቅባት ቢቀባ ሕመሙን ያስታግሥለታል። ቀላሉ ደዌ ከተሕዋስያን የመጣ ስላይደለ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ምንም አይጠቅመውም።

በዚህ ስፍራ ስለ ቤት ልማድ አንድ ነገር መናገር ግድ ይሆንብኛል። ያበጠን ክንድ በቅቤ ማሸት፣ ወጌሻ ጠርቶ ማስጠምዘዝ፣ ወይም «መጥፎው ደም ይውጣ» ብሎ ዋግምት ማስደረግ በአገራችን የቆየ ነገር ነው። ኦሪት የሥጋን ነፍስ በደም ውስጥ አኑራ ያስተማረችው ሕዝብ ደዌን በደም በኩል መፈለጉ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ወጌሻም በተወለቀ አጥንት ላይ የሚሠራው ሥራ ክብር የሚገባው ነው። ነገር ግን የረጋ ደም ያለበትን ሥር ማሸት የተቆጣውን ግድግዳ ይልቅ ያቆጣዋል፣ ርጋታውንም ከስፍራው ሊያናውጠው ይችላል፤ በምላጭ መብጣትም ንጹሕ ለነበረው ርጋታ የተሕዋስያንን በር ይከፍትለታል። አባቶቻችን ያወረሱን የሞቀ ጨርቅ መልካም መድኃኒት ነው፤ እርሱን እንያዝ፣ እሽታውንና ምላጩን ግን እንተው።

ስለ አደጋው እንናገር። በላይኛው ወገን ሥር ውስጥ ያለው ርጋታ በባሲሊኩ በኩል ወጥቶ ጥልቁን ሥር ቢይዝ ክንዱ በሙሉ ከጣት እስከ ትከሻ ያብጣል፣ ይከብዳል፣ ቀለሙም ወደ ሰማያዊነት ያደላል፤ ከዚያ ተቆርሶ የሚሄድ ርጋታ በልብ በኩል አልፎ ወደ ሳንባ ሊደርስ ይችላል፤ ድንገት ትንፋሽ ማጠር፣ ደረት መውጋት፣ ደም መትፋትም ይሆናል። ይህ ሰው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ያስፈልገዋልና አንድ ሰዓት እንኳ በቤት ሊቆይ አይገባውም። ሌላው አደጋ መመረዝ ነው፤ ካኑላው ከነበረበት ቀዳዳ መግል ሲወጣ፣ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ሲነሣ፣ ንፍፊትም በብብት ሲወጣ፣ ተሕዋስያኑ ወደ ደም ሊገቡ ነውና ሆስፒታል የሚያስተኛ፣ አንዳንድ ጊዜም የተመረዘውን ሥር ቀዶ እስከ ማውጣት የሚያደርስ ነገር ነው።

ደግሞ መርፌ ሳይነካው፣ ሳይመታ፣ ያለ ምክንያት የሥር ርጋታ አንድ ጊዜ በክንዱ፣ አንድ ጊዜ በእግሩ የሚወጣበት ሰው አለ። የፓሪሱ ሐኪም አርማን ትሩሶ ይህ ዐይነቱ ተዘዋዋሪ ርጋታ በሆድ ውስጥ የተሰወረ የካንሰር ምልክት ሊሆን እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1865 አስተምሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1867 መጀመሪያ ላይ ያው ምልክት በገዛ ሥጋው ላይ በተገለጠ ጊዜ ፍርዱን ከማንም በፊት ራሱ ዐወቀ፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በጨጓራ ካንሰር ሞተ። እንዲህ ያለ ርጋታ የሚመላለስበት ሰው ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም፤ ሲጋራ የሚያጨስ፣ ወይም በዘሩ ደሙ ለመርጋት የሚያደላ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ምክንያቱ ሳይመረመር መተው የለበትም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚጠበቀው በማን እጅ ነው? አስቀድሞ በነርሶች እጅ ነው። እጅን መታጠብ፣ ቆዳን በአልኮል ጠርጎ እስኪደርቅ መታገሥ፣ ለሥራው ከሚበቁት ካኑላዎች ቀጭኑን መምረጥ፣ ከአንጓና ከክርን ይልቅ ቀጥ ባለው የክንድ ስፍራ መሰካት፣ ቀኑንና ሰዓቱን በፕላስተሩ ላይ መጻፍ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች ናቸው። ካኑላን በየ72 እስከ 96 ሰዓት መለወጥ የቆየ ሥርዓት ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ግን ሥሩ በየዕለቱ በሚገባ ከታየ ምልክት ሲገኝ ብቻ መለወጥ እኩል እንደሚያስኬድ አሳይተዋል። ቃሉ «በሚገባ ከታየ» የሚል መሆኑን ማንም አይርሳ፤ አንድ ነርስ ለብዙ ሕሙማን በሚደርስበት ክፍል ውስጥ ያ ማየት ሊጎድል ይችላልና።

ስለዚህ ሁለተኛው ጠባቂ አስታማሚው ነው። በአገራችን ሐኪም ቤት ሕሙም ብቻውን አይተኛም፤ እናቱ ወይም ወንድሙ መዓልትና ሌሊት በአጠገቡ ናቸው፤ ሌሊቱም በሶዶ ይበርዳልና ክንዱን ከነካኑላው በጋቢ ሸፍነውት ያድራሉ። እባካችሁ፣ ሕሙም የምታስታምሙ ሁሉ፣ ጋቢውን በጠዋትና በማታ ገልጣችሁ ያንን ክንድ እዩት፤ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ሞቆ ብታገኙት፣ ወይም ሕሙሙ አቃጠለኝ ቢል፣ ሳታፍሩ ነርሷን ጥሩ፤ መድኃኒቱ ወደ ኪኒን ተለውጦ ካኑላው ያለ ሥራ ተቀምጦ እንደ ሆነም «ይህ ገና ያስፈልገዋልን?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው መብታችሁ ነው፣ የሕሙማችሁንም ክንድ ያድናል።